ከጅማ ጋምቤላ፣ የመድኃኒት ቦርሳችን ጣራ ላይ የቀረበት መንገድ

እኔ ሀኪም አይደለሁም፣ ጅማ ውስጥ አንደኛ ደረጃ ነው የማስተምረው። ግን ሁለት ልጆችና ስኳርም ግፊትም ያለባት እናት ይዤ በአመት ሁለት ሶስቴ ረጅም መንገድ እወጣለሁ፣ እና የዛሬ ሶስት አመት የካቲት ላይ ጋምቤላ ስንሄድ የደረሰብን ነገር ሌላ ሰው ላይ እንዳይደርስ ብዬ ነው የምጽፈው። መድኃኒት ሳንይዝ ቀርተን አይደለም። ይዘን ነበር፣ እንደውም ብዙ ነው የያዝነው። ግን በፈለግነው ሰአት አንዱም እጃችን ላይ አልነበረም፣ ከያዝነው ውስጥም አብዛኛው የማይረባ ነበር።

ታናሽ እህቴ ጋምቤላ ነው ያገባችው። የመጀመሪያ ልጇን ስትወልድ እማዬ "እኔ ካላረስኳት ማን ያርሳታል" ብላ እምቢ አለች፣ ሀኪሟም ተጠንቀቂ እንጂ አትሂጂ አላላትም፣ ስለዚህ ሚኒባስ ኮንትራት ይዘን የገንፎ ዱቄቱን፣ ቅቤውን፣ ማሩን፣ በሶውን ጭነን ከሌሊቱ 11 ሰአት ጅማ ከቆጪ ሰፈር ተነሳን። መድኃኒቱን አንድ ትልቅ ጥቁር ቦርሳ ውስጥ ነው የከተትኩት። ረዳቱ ከሻንጣው ጋር ፖርቶመጋላ ላይ ጫነው፣ በሸራ ሸፍኖ በገመድ ጠፍሮ አሰረው፣ እኔም ቆሜ እያየሁ ምንም አላልኩም። ቅቤው እንዳይቀልጥ ብለን ውስጥ እግራችን ስር አስቀመጥነው። የእማዬ ኢንሱሊን ግን ጣራ ላይ ወጣ። ይሄን እስካሁን ሳስበው ያመኛል።

አጋሮን ሳናልፍ ትንሿ ልጄ ማስመለስ ጀመረች። ያኔ 4 አመቷ ነው። ፌስታል ስፈልግ የለም፣ ፎጣ የለም፣ ቅያሪ ልብሷ ጣራ ላይ ነው። ደዴሳን ተሻግረን ትንሽ እንደሄድን ደሞ ጎማ ፈነዳ፣ ተቀያሪው አየር የለውም፣ ረዳቱ ጎማውን ይዞ በሚያልፍ አይሱዙ ተጭኖ ሄደና እኛ ሁለት ሰአት ተኩል እዛው ቆምን። እማዬ ጠዋት እንደልማዷ ኢንሱሊኗን ተወግታለች፣ ቁርስ ግን መንገድ ነው ብላ ግማሽ ዳቦ ነው የቀመሰችው፣ ምሳ በደሌ እንበላለን ነበር ሀሳባችን።

መጀመሪያ ዝም አለች። ከዛ ላብ አጠመቃት፣ በነጠላዋ ብትጠርገው ብትጠርገው አልቆም አለ፣ እጇ መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ ከዛ እኔን በሞተች አክስቴ ስም ጠራችኝ። ሹፌሩ "ሙቀቱ ነው፣ ማዘርን ጥላ ስር አውጧት፣ ንፋስ ይንካት" አለ፣ ለበጎ ነው ያለው። እኔ ግን ሙቀት እንዳልሆነ ገባኝ፣ ክትትል የምታደርግበት ቦታ ያለችው ሲስተር ስኳር ሲያንስ ምን እንደሚያደርግ ደጋግማ ነግራን ታውቃለች። ብስኩቱም ጁሱም ከረሜላውም ያ ቦርሳ ውስጥ ነው። ወንድሜ ጣራ ላይ ወጥቶ ገመዱን ሊፈታ ይታገላል፣ ቋጠሮው ደሞ አልፈታ አለ። ከመንገዱ ማዶ በላስቲክ ዳስ ስር ቡና የሚያፈሉ ሴትዮ ነበሩ፣ ሮጬ ሄጄ "አዴ፣ ስኳር ይስጡኝ፣ እናቴ" ብዬ ከዛ በላይ መናገር አቃተኝ። ምንም አልጠየቁኝም። ሲኒ ውስጥ ስኳር ጨምረው፣ በውሃ እያማሰሉ ራሳቸው ይዘውት መጡ። እማዬ ገና ትውጥ ስለነበር ቀስ እያልን አጠጣናት። ሩብ ሰአት ገደማ ሲሆን አይኗ ተመለሰና "ምን ሆናችሁ ነው የከበባችሁኝ" አለች። ሴትዮዋ ለስኳሩም ለቡናውም ገንዘብ አልቀበልም አሉ።

መቱ አደርን፣ ቦርሳውን ያኔ ነው የከፈትኩት። የሳል ሽሮፕ ተደፍቶ ሁሉን ነገር አጣብቆታል። በፍሬ የተቆረጡ ኪኒኖች አሉ፣ ስማቸው ማሸጊያው ላይ ቀርቷል፣ የትኛው የግፊት የትኛው የራስ ምታት እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ኢንሱሊኑን ስነካው ብልቃጡ ይሞቃል፣ ከንጋት ጀምሮ ጸሀይ ላይ ሸራ ስር ነው የዋለው። መልኩ ምንም አልሆነም፣ እንደዛው ነጭ ነው፣ ስለዚህ ማታም ጠዋትም እሱኑ ተወጋች። በማግስቱ ክሊኒክ ስናስለካ ስኳሯ ከ300 በላይ ነው። ሶስት ፋርማሲ ዞረን ሶስተኛው ላይ አዲስ ብልቃጥ አገኘን እንጂ ምን እንደምናደርግ አላውቅም ነበር። በሙቀት የተበላሸ ኢንሱሊን ሁልጊዜ በአይን አይለይም፣ ይሄንን ያወቅኩት እዛ ነው።

ከጋምቤላ ስንመለስ ሰፈራችን ያለው ፋርማሲ ውስጥ የምትሰራ ልጅ አለች፣ ድሮ ያስተማርኳት ናት፣ ቦርሳውን ይዤላት ሄድኩና ከፍተን እያንዳንዱን እቃ አየነው። ግማሹን ጣለችው። ከዛ "ቲቸር፣ መድኃኒቱን ከማሰብሽ በፊት ማን ማን እንደሚሄድ ጻፊልኝ" አለችኝ። እኔ የማዘጋጀው መንገድ ላይ ምን ሊመጣ ይችላል ብዬ ነበር፣ መንገድ ላይ ደግሞ የማይመጣ ነገር የለም፣ ስለዚህ ቦርሳው ያብጣል እንጂ አይሞላም። ሰው ስትጽፉ ግን አጭር ነው። እማዬ፣ 67 አመት፣ ስኳርና ግፊት። ወንዱ ልጅ 9 አመት፣ አለርጂ አለበት። ሴቷ 4 አመት፣ 16 ኪሎ፣ መኪና ያዞራታል። እኔ ጨጓራ። አሁን ቦርሳዬ የሚሰራው ከዚህ ወረቀት ነው።

በመጀመሪያ አንድ ትልቅ ቦርሳ የሚባል ነገር ቀርቷል። በየቀኑ የሚወሰደውና ድንገት የሚያስፈልገው በአንድ ትንሽ ቦርሳ እጄ ላይ ነው፣ ልጄ ድሮ ትምህርት ቤት የምትይዘው የምሳ እቃ ቦርሳ ነው፣ ዚፕ አለው፣ ውስጡ እንደ ፎይል ያለ ነገር ስላለው ሙቀት ትንሽ ይከላከላል። ጣራ ላይ አይወጣም፣ የመኪናው ዳሽቦርድ ላይም አይቀመጥም፣ የቆመ መኪና ውስጥም ተትቶ አይወረድም። ትርፍ ፋሻ ምናምን ሻንጣ ውስጥ ቢሆን ችግር የለውም።

የእማዬን ነገር ሰፋ አድርጌ ልንገራችሁ ምክንያቱም ስኳር ያለበት ሰው ያለባችሁ ብዙ ናችሁ። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ቦታው ፍሪጅ ነው፣ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ። በስራ ላይ ያለው ብልቃጥ ከፍሪጅ ውጭ ብዙውን ጊዜ 4 ሳምንት ገደማ ይቆያል፣ ግን ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ባለው ክፍል ነው፣ እንደየአይነቱ ስለሚለያይ ካርቶኑ ውስጥ ያለውን ወረቀት አንብቡ ወይ አስነብቡ። ጅማ 1,700 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች እቤት ውስጥ ብዙም አንቸገርም። ጋምቤላ ግን ወደ 500 ሜትር ነው የምትወርዱት፣ የካቲትና መጋቢት ላይ ሙቀቱ ወደ 40 ዲግሪ ይጠጋል። ጎሬ ላይ በብርድ ጋቢ ደርባችሁ ከጥቂት ሰአት በኋላ ላብ ያጠምቃችኋል፣ መድኃኒቱም አብሯችሁ ነው የሚወርደው።

አሁን እኔ የማደርገው አፉ ሰፊ የሆነ ፔርሙዝ ነው። ማታ ቀዝቃዛ ውሃ ሞልቼበት አሳድራለሁ፣ ጠዋት ውሃውን ደፍቼ በደንብ አደርቀውና ብልቃጦቹን በንጹህ ጨርቅ ጠቅልዬ እከታለሁ። በረዶ ውስጥ በቀጥታ አትክተቱ፣ ምክንያቱም በረዶ የነካውና የረጋ ኢንሱሊን ቢቀልጥም ሞቷል፣ ሙቀት ከጎዳው እኩል ነው የሚጣለው። እህቴ ቤት ስንደርስ መብራት ሲጠፋ የምንጠቀመው ደግሞ የሸክላ ማሰሮ ነው፣ ትልቁ ውስጥ ትንሿን አስገብታችሁ መሀሉን በእርጥብ አሸዋ ትሞላላችሁ፣ ኢንሱሊኑ በላስቲክ ታሽጎ ትንሿ ውስጥ ይቀመጣል፣ ከላይ እርጥብ ጨርቅ፣ ጥላ ስር። ውሃው እየተነነ ሲሄድ ይቀዘቅዛል፣ የመጠጥ ውሃ በእንስራ የሚቀዘቅዘው በዚሁ መንገድ ነው። አየሩ ደረቅ ሲሆን ነው በደንብ የሚሰራው፣ ክረምት ላይ ያን ያህል አይደለም። ሁለት ብልቃጥ ካላችሁ ሁለቱን አንድ ቦታ አታስቀምጡ።

ስኳር ሲያንስ የሚያስፈልገው ነገር ደሞ ውድ አይደለም፣ ስኳር ነው። በትንሽ ላስቲክ 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር እየቋጠርኩ አምስት ስድስት ፍሬ እይዛለሁ፣ አንዱ በቦርሳው፣ አንዱ በኔ ኪስ፣ አንዱ በእማዬ ነጠላ ጫፍ ይቋጠራል። ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ መነጫነጭ፣ የማይገናኝ ነገር መናገር ከመጣ መለኪያው ካለ ትለካላችሁ፣ ከ70 በታች ከሆነ ወይም መለኪያ ከሌለ ሳትጠብቁ ያንን በውሃ በጥብጣችሁ ታጠጣላችሁ፣ 15 ደቂቃ ጠብቃችሁ ካልተሻላት ትደግማላችሁ፣ ሲሻላት ዳቦ ወይ በሶ ታበላላችሁ። ራሷን ከሳተች ወይም መዋጥ ካልቻለች ግን አፏ ውስጥ ምንም እንዳትጨምሩ፣ ታንቃላችሁ፣ በጎኗ አስተኝታችሁ ወደ ቅርብ ጤና ጣቢያ መሮጥ ነው። እና መንገድ ላይ ምሳ በስንት ሰአት እንደሚደርስ አይታወቅም፣ ስለዚህ በሶውን ወይ ዳቦውን እጃችሁ ላይ ያዙ። የኪኒኖቿን ብዛት ለምንቆይበት ቀን ብቻ አልይዝም፣ ለ7 ቀን ከሄድን የ14 ቀን እይዛለሁ፣ መኪና ይበላሻል መንገድ ይዘጋል።

የልጆቹ ቀለል ያለ ነው ግን ስህተት የሚሰራበት እዚህ ነው። ኦአርኤስ ሳልይዝ አልወጣም፣ ቢያንስ 6 ፓኬት። እዛው ጋምቤላ ልጄ ተቅማጥ ጀመራት፣ ጎረቤት በደግነት አንዱን ፓኬት ሙሉ በአንድ ብርጭቆ ውሃ በጥብጣ ልትሰጣት ነበር፣ ሳየው ጊዜ ነው ያስቆምኳት። አንዱ ፓኬት ለ1 ሊትር ውሃ ነው፣ ከዛ ባነሰ ውሃ ከተበጠበጠ ጨው ይበዛባታል፣ ከጥቅሙ ጉዳቱ ያመዝናል። ስለዚህ ከፓኬቱ ጋር ባለ 1 ሊትር ሀይላንድ ባዶውን እይዛለሁ፣ ልኬቱ እሱ ነው። ውሃው የፈላና የቀዘቀዘ ወይ በክሎሪን የታከመ መሆን አለበት፣ የተበጠበጠው ከ24 ሰአት በላይ አይቆይም፣ ይደፋል። ባስቀመጣት ቁጥር ግማሽ ብርጭቆ ገደማ በማንኪያ ቀስ እያልኩ ሰጠኋት፣ ካስመለሰች 10 ደቂቃ ጠብቄ እንደገና እጀምራለሁ። ፓኬት ካለቀ 6 ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በ1 ሊትር ነው፣ ጨው እንዳይበዛ። ዚንክ ደሞ ከ5 አመት በታች ላሉ ልጆች አብሮ ይሰጣል፣ ከ6 ወር በላይ ከሆኑ በቀን 20 ሚሊግራም ለ10 ቀን፣ ተቅማጡ ቢቆምም ይጨርሳሉ። ሰገራው ደም ካለው፣ አይኗ ከጎደጎደ፣ መጠጣት ካቃታት ወይ ከደነዘዘች ቦርሳ መፈተሽ አቁማችሁ ሀኪም ጋ ሂዱ። ተቅማጥ ማቆሚያ ኪኒን ለልጅ አልሰጥም፣ ቦርሳዬ ውስጥም የለም።

ፓራሲታሞል ሽሮፕ ላይ ጠርሙሱን እዩት፣ በ5 ሚሊ ውስጥ 120 ሚሊግራም ያለው አለ፣ 250 ያለውም አለ፣ እና ጎረቤት "ለኔ ልጅ አንድ ማንኪያ ነው የምሰጠው" ስትላችሁ የትኛውን እንደምትል አታውቁም። ልኩ በኪሎ ነው፣ በአንድ ጊዜ ለእያንዳንዱ ኪሎ ከ10 እስከ 15 ሚሊግራም፣ ቢያንስ በ4 ሰአት ልዩነት፣ በቀን ከ4 ጊዜ አይበልጥም። የኔ ልጅ 16 ኪሎ ስለነበረች ፋርማሲስቷ ሚሊውን አስልታ በእስክሪብቶ ጠርሙሱ ላይ ጻፈችልኝ፣ መርፌ የሌለው ሲሪንጅም ሰጠችኝ፣ የቤት ማንኪያ አንዱ ከአንዱ አይመሳሰልም። ጠርሙስ ሁሉ በፌስታል ታስሮ፣ ቆሞ ነው የሚጓዘው።

ለማስመለሱ ፕሮሜታዚን አለ፣ ከመነሳት 1 ሰአት በፊት ነው የሚወሰደው፣ ያስተኛል፣ ከ2 አመት በታች ላለ ልጅ ጭራሽ አይሰጥም፣ መጠኑን ጠይቁ። እኛን ግን የበለጠ የጠቀመን ጠዋት ወተትና ዘይት ያለው ነገር አለመስጠት፣ ትንሽ ደረቅ ዳቦ ማስቀመስ፣ ፊት ወንበር ማስቀመጥ፣ መስኮት መክፈትና ስልክ አለማሳየት ነው። ፌስታል ደርባችሁ ያዙ፣ ብዙ።

ቁስል ላይ ልምጣ። ባለፈው አመት ወደ አዲስ አበባ ስንወጣ፣ ያው 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ሰኮሩ ላይ ሻይ ልንጠጣ ቆመን የሚኒባሱ በር የልጄን ጣት ያዘው። ደሙ አስደነገጠን። ከሻይ ቤቱ አንዷ ወጣት የተፈጨ ቡና በእፍኟ ይዛ ሮጣ መጣች፣ ልትነሰንስበት። እኛ ጅማዎች በዚህ ነው ያደግነው፣ የኔም ጉልበት ላይ ስንቴ ተነስንሷል፣ ስለዚህ ልጅቷን አልወቅሳትም፣ አመስግኜ እጇን ያዝኩት። ቡና ደም ያቆመ ይመስላል ግን ቁስሉ ውስጥ ገብቶ ይቀራል፣ ሀኪም ሲያጥበው አበሳ ነው፣ ያመረቅዛል። እኔ ጓንት አደረግኩ፣ ጎዝ አወጣሁ፣ ጣቱ ላይ ጫን አድርጌ ይዤ እጁን ከልቡ በላይ አነሳሁት፣ ሰአት እያየሁ 10 ደቂቃ ሙሉ፣ መሀል ላይ ቆመ ወይ ብዬ ሳልገልጥ። መግለጥ ነው ሁሉም የሚሳሳተው፣ የረጋውን ደም ትነቅሉታላችሁ። ሲቆም በንጹህ ውሃና ሳሙና አጥቤ ዙሪያውን ቤታዲን ቀብቼ በፋሻ አሰርኩት፣ ከዛ ጤና ጣቢያ አሳየሁት፣ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባቱንም አረጋገጡልን። አልኮል ቁስሉ ውስጥ አታፍሱ፣ ያቃጥላል ስጋውንም ይጎዳል፣ እጃችሁንና መቀሱን ወረንጦውን ለማጽዳት ነው የሚሆነው።

ስለዚህ የኔ ቦርሳ ውስጥ ያለው 5 ጥንድ ጓንት፣ 10 የታሸገ ጎዝ፣ ሰፊና ጠባብ ፋሻ፣ ፕላስተር፣ ትንሽ ቤታዲን፣ ሳሙና፣ መቀስ፣ ወረንጦ፣ መርፌ ቁልፍ፣ ቴርሞሜትር። እጅ ቢሰበር ማንጠልጠያው ነጠላ ነው፣ እሱን ሁልጊዜ ለብሰነው ነው የምንሄደው። ለቃጠሎ ምንም አልያዝኩም ምክንያቱም የቃጠሎ መጀመሪያ መድኃኒቱ ውሃ ነው፣ ለ20 ደቂቃ ቀዝቃዛ ውሃ ማፍሰስ፣ የጥርስ ሳሙና ቅቤ እንቁላል ምንም አይቀባም። ውሻ ከነከሰ በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ ሙሉ አጥባችሁ በዛው ቀን ለክትባት ሂዱ፣ ውሻው የጎረቤት ነው ብላችሁ አታሳድሩት። እባብ ከሆነ ገመድ አትሰሩ፣ አትብጡ፣ በአፍ አትምጠጡ፣ የተነደፈውን እግር ሳታንቀሳቅሱ ሰውየውን ተሸክሞ መውሰድ ነው።

አሁን ወባ። ይሄን ወደ ጋምቤላ፣ ወደ ቴፒ፣ ወደ ግቤ ሸለቆ፣ በአጠቃላይ ወደ ቆላ የምትሄዱ ሁሉ አንብቡት። እህቴ ቤት አጎበር ነበር፣ ግን የመጀመሪያውን ሁለት ሌሊት ሙቀቱ ሲብስ እንደሰፈሩ ሰው ፍራሽ ደጅ አውጥተን ተኛን፣ አጎበሩ ቤት ውስጥ ተሰቅሎ ቀረ። የወባ ትንኝ ስራዋ ከምሽት እስከ ንጋት ነው። ጅማ ከተመለስን በ11ኛው ቀን ወንዱ ልጄ አተኮሰው፣ ጉንፋን ነው ብዬ ሁለት ቀን ፓራሲታሞል ሰጠሁት፣ ይወርዳል፣ ማታ እየተንቀጠቀጠ ይመለሳል። በሶስተኛው ቀን ጤና ጣቢያ ስወስደው የሲስተሯ የመጀመሪያ ጥያቄ "በዚህ ወር ቆላ ሄዳችሁ ነበር?" ነው፣ እኔ ግን ትኩሳቱን ከጉዞው ጋር አላገናኘሁትም፣ አልፏል ብዬ ነበር። ደም ሲታይ ፋልሲፓረም የሚባለው የወባ አይነት ነው። ለሶስት ቀን 6 ጊዜ ኮአርተም የሚባለውን የወባ መድኃኒት ወሰደ፣ ሁለተኛውን ከመጀመሪያው 8 ሰአት በኋላ፣ ከወተት ጋር ምክንያቱም ቅባት ያለው ምግብ አብሮት ሲኖር ነው ሰውነት በደንብ የሚወስደው። ዳነልኝ፣ ተመስገን። ፋልሲፓረም በልጅ ላይ ሁለት ቀን የሚያስጠብቅ አይደለም፣ እኔ ሁለት ቀን አባከንኩበት።

ወባ ከተነከሳችሁ በኋላ ቢያንስ ሳምንት ገደማ ቆይቶ ነው የሚጀምረው፣ ቫይቫክስ የሚባለው ደግሞ ጉበት ውስጥ ተደብቆ ከወራት በኋላ ሊነሳ ይችላል። ስለዚህ ከቆላ ከተመለሳችሁ በኋላ ትኩሳት ከመጣ በዛው ቀን ደም አስመርምሩ፣ የት እንደነበራችሁም ሳትጠየቁ ተናገሩ። ቦርሳዬ ውስጥ የወባ መድኃኒት አልይዝም፣ ሳይመረመሩ መዋጥ ሌላውን በሽታ ይደብቃል፣ ለአንዱ ወባ የሚሰጠውም ለሌላው ላይሆን ይችላል። ቀድሞ የሚወሰድ መከላከያ ኪኒን አለ፣ እርጉዝና ህጻን ላይ የማይሆን ስላለው ከመሄዳችሁ በፊት ሀኪም ይምረጥላችሁ። የምይዘው አጎበርና እሱን ደጅም ቢሆን የምሰቅልበት ገመድ፣ የትንኝ መከላከያ ቅባትና ለልጆቹ እጅጌው ረጅም ቀጭን ልብስ ነው።

ከድሮው ቦርሳ ያወጣሁት ደግሞ አለ። ከዚህ በፊት ተጀምሮ የተቋረጠ አሞክሲሲሊን ነበረ፣ ለጉንፋንም ለጥርስም ለሆድም እያልን ስንቆርስለት የኖርነው፣ ወጣ። ጉንፋን በአብዛኛው ቫይረስ ነው፣ አንቲባዮቲክ አይነካውም፣ በየጊዜው ስንቆርስ ደግሞ የእውነት ባክቴሪያ ሲመጣ መድኃኒቱ አልሰራ ይላል። ዳይክሎፌናክ የሚባለው የህመም ማስታገሻም ወጣ። እማዬ ጉልበቷን ሲያማት በየመንገዱ "ይሄን ውጪ ማዘር" የሚላት ብዙ ነው፣ እሷ ግፊትና ስኳር ስላለባት ኩላሊቷን ሊጎዳ፣ ግፊቷንም ከፍ ሊያደርግ ይችላል፣ እኔም ጨጓራዬን ይቆጠቁጠኛል። ለሁለታችንም ፓራሲታሞል ነው። ለወንዱ ልጅ አለርጂ ሴትሪዚን አለ። ኤክስፓየሪ ዴት ሳናይ የምናስገባው ነገር የለም፣ ኪኒንም ከነማሸጊያው ነው፣ ተቆርጦ ስምና ቀኑ የጠፋ ፍሬ ማንም ቢሰጠኝ አልቀበልም።

ወረቀቱን ነገር ስጨርስ ልጨምር። የእያንዳንዳችን ስም፣ እድሜ፣ ኪሎ፣ በሽታ፣ የማይስማማን መድኃኒት፣ የምንወስደው መድኃኒት ሳጥኑ ላይ ባለው ስሙ፣ መጠኑና ሰአቱ፣ አንድ ገጽ ነው። ፎቶውም ስልኬ ላይ አለ ግን ስልክ ቻርጅ ያልቃል። ሰአቱን ስትጽፉ "በቀን ሁለቴ" ብቻ አትበሉ፣ ጠዋት 1 ሰአትና ማታ 1 ሰአት ብላችሁ ጻፉ፣ እኔ ባልኖር እንኳ ሌላው አንብቦ እንዲሰጥ። ለመርፌው ደሞ ወፍራም ክዳን ያለው የፕላስቲክ ጠርሙስ ያዙ፣ የተጠቀማችሁበት መርፌ እዛ ውስጥ ይገባና ክዳኑ ይዘጋል፣ በመስኮት አይጣልም፣ መንገድ ዳር የሚጫወቱ ልጆች አሉ።

ጥር ላይ ሚዛን ተፈሪ ስንሄድ መናኸሪያ ውስጥ ረዳቱ ሻንጣዎቹን ጭኖ ጨርሶ የምሳ እቃ ቦርሳዋን ሊቀበለኝ እጁን ዘረጋ። እኔ አፌን ሳልከፍት እማዬ "ይቺ ከኔ ጋ ናት የምትሄደው ልጄ" ብላ ተቀበለችኝና ጭኗ ላይ አስቀመጠቻት፣ ሚዛን እስክንደርስም አላወረደቻትም።